ለጫጩት መስኮት የዘጋሁ ዕለት

ከወንዛዬ ፍል ውሃ ስመጣ በእጄ የነበረው ሁለት ነገር ነው፤ ዱላዬና ውሃ የሞላች አንዲት ቢጫ ጀሪካን። ውሃው ለጉልበቴ ነበር። ሐሙሲት ላይ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ወረታ ላይ ወርጄ ሌላ ይዤ፣ ደብረ ታቦር ልጄ ቤት ገባሁ። የሐምሌ አጋማሽ ነው፤ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ከመሬት አይነሳም። ሐሳቤ አንድ ሌሊት አድሬ ወደ ጣራ ገዳም ለመሻገር ነበር።

ያን ጊዜ ማን እንደ ነበርሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስሜ ውድነሽ ነው፤ ሰባን አልፌያለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደሉን ወንድሜ መዝሙረ ዳዊት ሲያጠና አጠገቡ ጥጥ እየፈተልሁ የለቀምሁት ነው፤ የተጣመመ ቃል ብታገኙ እለፉት። ባሌ የሞተው ልጄ ሰርካለም ስድስት ዓመቷ ሳለ ነው። ከዚያ እኔም ታመምሁ፤ ልጅቱን እህቴ ዘንድ አስቀምጬ ጸበል ለጸበል ዞርሁ። በሁለተኛው ዓመት ዳንሁ። እግሬ ግን አልዳነም። አንዱን በዓል ጣራ ገዳም፣ ሌላውን ወንዛዬ፣ ሌላውን እናንተ ስሙን ያልሰማችሁት ገዳም ሥር እያልሁ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ልጄን በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ እየሄድሁ አያት ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ «ለነፍሴ ነው» እላለሁ። ለመናገር ይቀላል።

ሰርካለም እህቴን እስክትሞት ድረስ እማዬና አንቺ ትላት ነበር። እኔን እማማና አንቱ ትለኛለች፤ የጎረቤት አሮጊት እንደሚጠራው ማለት ነው። አልከፋኝም። ያሳደገና የጎበኘ እኩል አይጠራም።

እንግዲህ ያን ዓመት ሰርካለም ባሏ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቷ ነበር፤ ልጆቿ ጎንደር ይማራሉ። መተዳደሪያዋ ጫጩት ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ከማስፈልፈያ ቤት ትረከባለች፤ ሁለት ወር አሳድጋ ነፍስ ሲዘሩ ለገጠር ሴቶች ታከፋፍላለች። ተራው ቶሎ አይደርስም፤ ወረፋ የያዘው ብዙ ነው። ያለፈው ዙር በብርድ ግማሹ አልቆባት ነበር። ይህም ዙር ከተበላሸ ስሟ ከመዝገቡ እንደሚወጣ፣ ተራዋም ለሌላ እንደሚሰጥ ነግረዋታል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እራት እየበላን፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ነው።

ጫጩቶቹ ሁለት መቶ ነበሩ፤ አምስት ቀናቸው። የኖሩበት ክፍል ዱሮ እሷና ባሏ የሚተኙበት ነው። መሬቱ ላይ ሰጋቱራ ተበትኗል። ዙሪያው ጥግ እንዳይኖረው በቆርቆሮ ክብ ተደርጎ ታጥሯል፤ ጥግ ካገኙ እዚያ ተደራርበው ይተፋፈናሉ አለችኝ። ከላይ አራት ትልልቅ አምፖሎች ተንጠልጥለዋል። ከግድግዳው ከፍ ብላ ወንፊት ሽቦ የተመታባት አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። በመስኮቷ አጠገብ ካለ ሚስማር ላይ በረጅም ክር የወረደ የሙቀት መለኪያ ጫጩቶቹ ቁመት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሠላሳ ሦስት ላይ ሰርካለም የጥፍር ቀለም ቀብታበታለች። ቁጥሩን ለማይለይ ቀለሙ ይበቃል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ባሕር ዳር መሄድ ነበረባት። የፈንግል ክትባት ልታመጣ ነው። ፈንግልን ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል፤ ገብቶ ሲወጣ ማጀት ውስጥ ላባ ብቻ ይተዋል። ክትባቱ በሰባተኛው ቀን መሰጠት አለበት፤ መድኃኒቱ ደግሞ በበረዶ ተይዞ ካልመጣ አይሠራም፤ ስለዚህ ራሷ መሄድ አለባት። ከጫጩቶቹ ጋር እንድውልላት የጠየቀችኝ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። እንዲያ ብላ አልተናገረችም፤ እኔ ግን ዐወቅሁት።

ወደ ክፍሉ አስገብታ አሳየችኝ። «ሲበርዳቸው መሐል ላይ ይከመራሉ፤ ይጮኻሉ። ሲሞቃቸው ይሸሻሉ። ደኅና ሲሆኑ እንደ ተዘራ እህል ተበትነው ይቀመጣሉ። እሱን ይዩ እማማ፤ እጅዎን አይመኑ። መብራት ከጠፋ ከሰል አያይዘው ያስገቡ። ይቺ መስኮት ግን አትዘጋም።»

ሰማሁ። የመስኮቷን ነገር ግን በልቤ አልተቀበልሁትም።

ልትወጣ ስትል በሩ አጠገብ የቆመውን ዱላዬን አየችው። «አይሄዱም አይደል?» አለች።

«አልሄድም» አልሁ።

መብራቱ የጠፋው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አምፖሎቹ ወዲያው ጠቆሩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት መቶው ሁሉ መሐል ላይ አንድ ክምር ሆነ፤ ጩኸታቸው ጆሮ ይበሳል። ልጄ እንዳለችው ሁለት ምድጃ ከሰል አያያዝሁ፤ ውጭ ቀልቶ አመዱ ሲነጣ አስገብቼ በክቡ ውስጥ በድንጋይ ላይ አስቀመጥሁት። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም።

ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ግን በመስኮቷ ይገባል። አንገቴ ላይ ይሰማኛል። እኔ እንግዲህ በዘመኔ ስንት ሴቶች ሲወልዱ አጠገባቸው ነበርሁ። በእኛ አገር አራስ ቤት ሲገቡ የመጀመሪያው ሥራ የግድግዳውን ቀዳዳ መወተፍ ነው፤ ነፋስ ያገኛት አራስ መጋኛ ይመታታል፣ ሕፃኑም ይቀሰፋል ይባላል። ሰው ለልጁ የሚያደርገውን ለጫጩት ቢያደርግ ምን ክፋት አለው አልሁ። ሳምንት ያልሞላው ሁሉ አራስ ነው። ብርድ ልብስ አነሳሁና በርጩማ ላይ ወጥቼ መስኮቷን ጋረድኋት። ሚስማሩ ላይ ያለው መለኪያ እንቅፋት ሲሆንብኝ ፈትቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥሁት። ነፋሱ ከቆመ ምን ሥራ አለው።

ጫጩቶቹ ዝም አሉ። ክምሩ ተፈታ፤ ተበተኑ፤ አንዳንዱ ተጋደመ። ደስ አለኝ። ሰርካለም ወጣት ናትና መጽሐፍ የሚለውን ነው የምትለው፣ እኔ ግን አራስ ቤት ዐውቃለሁ ብዬ በርጩማው ላይ ተቀመጥሁና እንዝርቴን አወጣሁ።

አንድ ሰዓት ያህል አልፎ ሳያቸው በበሩ በኩል ባለው ቆርቆሮ ላይ ተለጥፈው ተደራርበዋል። ክምር አየሁ፤ ክምር ደግሞ ብርድ ነው ተብያለሁ። በበሩ ሥር ነፋስ እየገባ ነው አልሁና አንዱን ምድጃ አንስቼ ወደ እነሱ አስጠጋሁት። ተተራምሰው ወደ ማዶው ቆርቆሮ ሄዱ። እዚያም ተከመሩ። ሁለተኛውን ምድጃ አንስቼ ወደ ማዶ ወሰድሁት። ተመልሰው ወደ በሩ መጡ። እንዲህ ሆነን ስንት ጊዜ እንደ ተመላለስን አላውቅም። እኔ እሳት ይዤ እከተላለሁ፤ እነሱ ይሸሻሉ። አፋቸውን ከፍተዋል፣ ክንፋቸውን ጥለዋል። ርቧቸዋል አልሁና ጥሬ ጨመርሁ። አልነኩትም።

ይህን ስትሰሙ እንዴት አላየችውም ትሉ ይሆናል። አይቼዋለሁ። ያየሁትን ሁሉ ብርድ ብዬ ተረጎምሁት እንጂ።

ከዚያ ራሴን ያመኝ ጀመር። ግንባሬ ተወጋ፤ ዓይኔ ብዥ አለ። ነፋሱ እኔንም አገኘኝ አልሁ። ተነሥቼ የበሩን ሥር በጆንያ ወተፍሁት። ወደ በርጩማው የተመለስሁት ግድግዳውን ይዤ ነው። ከተቀመጥሁ በኋላ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። አልፈራሁም፤ ነገሩ የሚገርም ጸጥታ ነበረው። አንዲት ጫጩት እግሯን ዘርግታ በጎኗ ተኝታለች። ተመቻት አልሁ። ሌላዋም ተመቻት። እንዝርቱ ከእጄ ሲወድቅ ሰማሁት፤ ማንሣት ግን የሌላ ሰው ሥራ መሰለኝ።

ዘይነባ የመጣችው ወንፊት ልትመልስ ነው። ዘይነባ የሰርካለም የግድግዳ ጎረቤት ናት፤ በመንገዱ በኩል ጨውና ሳሙና፣ ክርና ባትሪ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ዕድሜዋ ከእኔ ትንሽ ያንሳል፤ ምላሷ ግን ከሁለታችን ይበልጣል። ሰርካለም ወጣ ስትል «እናቴን እያየሽ» ብላት ኖሯል። ደጅ ቆማ ጠራችኝ። ድምፅዋን ሰምቻለሁ፤ መልሱ ግን ከአፌ አልወጣም። በሩን ስትገፋ ጆንያው ያዘው። በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

«ያ አላህ» አለች፣ ቀስ ብላ። ብብቴን ይዛ እየጎተተች ወደ ግቢው አወጣችኝና ካፊያው ላይ አስቀመጠችኝ። ተመልሳ ገብታ ብርድ ልብሱን ከመስኮቷ ነቀለችው። ከዚያ በቀሚሷ ጫፍ እየያዘች ምድጃዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። እኔ ያን ጊዜ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አስመለሰኝ። ዝናቡ ፊቴ ላይ ሲወርድ ትንፋሼ እንደ ገና የገባ ያህል ሆነ።

ውሃ ሰጠችኝ፤ ጠጥቼ ቀና ስል አጠገቤ ቆማ ታየኛለች።

«ውድነሽ» አለች፣ «ጫጩት ነው የምታሳድጊ ወይስ ጥብስ ነው የምትጠብሺ?»

«በርዷቸው ነው» አልሁ።

«ማንን በረደው? ቀሚስሽ በላብ ተጣብቋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፉት እኮ ካንቺ ሊያመልጡ ነው። በር ቢያገኙ እስከ ወረታ በሮጡ ነበር።»

ለመሳቅ ሞከርሁ፤ አልመጣልኝም። ከሰል ሲታፈን ሰው እንደሚገድል እኔም ዐውቃለሁ፤ ስንት ቤት ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ነፋስን መፍራቴ ያንን አስረስቶኛል። ሁለታችንም ገባን። ዘይነባ እየለቀመች ጆንያው ላይ ደረደረቻቸው፤ እኔ ቆጠርሁ። ሃያ ሰባት። አንዳንዶቹ አፋቸው እንደ ተከፈተ ነው። የቀሩት ግን ቀዝቃዛው አየር ሲነካቸው ቀና ቀና አሉ፤ ወደ ውሃው ሄደው ጠጡ።

ዘይነባ ጆንያውን አጣጥፋ ሸፈነቻቸውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መብራት ጠፋና በብርድ አለቁ በያት። መብራት መጥፋቱ እውነት ነው። እሱ ደግሞ መጥቶ አይከራከርሽም።»

ልበላትም አልበላትም ገና አልቆረጥሁም ነበር።

ለዚያም ጊዜ አልተገኘ። ቀኑ እኩል ሲሆን ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይደበድበው ጀመር። ከቤት ውስጥ ያለው ሙቀት በተከፈተችው መስኮት ወጥቶ አልቋል። መለኪያውን ካስቀመጥሁበት አንስቼ ወደ ቦታው ሰቀልሁት፤ ከጥፍር ቀለሙ እጅግ ወርዷል። ጫጩቶቹ እንደ ገና መሐል ላይ ተከመሩ። ይህ ክምር ሌላ ነው። አሁን ሳየው ልዩነቱ ግልጽ ነበር፤ የበረደው ይጮኻል፣ አንዱ ከሌላው ሥር ለመግባት ይታገላል። የሞቀው ዝም ብሎ ይሸሻል። ጠዋት ሁለቱን አንድ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።

ዘይነባ አንዱን ምድጃ መስኮቷን ከፍተን እንመልሰው አለች። ልክ ነበረች፤ ሰርካለምም ያለችው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ከሰል ዳግም እዚህ ቤት አይገባም አልሁ። እሳትን ፈርቼ ቆምሁ፤ ብርዱን ፈርቼ ቆምሁ። በዚያ መሐል ዓይኔ በሩ አጠገብ ካለችው ቢጫ ጀሪካን ላይ አረፈ።

ወንዛዬን የማታውቁት ካላችሁ፣ ፍል ውሃው ከመሬት ወጥቶ ይፈስሳል። ምንጩ አጠገብ ውሃው ያቃጥላል፤ እየወረደ ሲሄድ ይበርዳል። የሚታጠብ ሰው ሁሉ ቦታውን ራሱ ያገኛል። ቆዳው የጠና ጎልማሳ ወደ ምንጩ ይጠጋል፤ እንደ እኔ ያለች አሮጊት ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ሲሞቃት ወረድ፣ ሲበርዳት ወጣ ትላለች። አንቺ እዚህ ሁኚ የሚል የለም። ሠላሳ ዓመት እዚያ ውሃ ውስጥ ስቀመጥ ይህን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ያን ቀን፣ በረዶው እየወረደ፣ ትዝ አለኝ። እኔ ቤቱን ሁሉ ምንጭ አድርጌው ነበር። የሚወርዱበትን ቦታ ነው የነሣኋቸው።

«ዘይነባ፣ ባዶ ጀሪካን አለሽ?» አልኋት።

«ለምን?»

«ውሃ እናሙቅ። በክቡ ውስጥ እናስቀምጠው፤ የፈለገ ይጠጋ፣ ያልፈለገ ይሂድ።»

ወደ ሱቋ ሄዳ ሁለት ይዛ መጣች። ምድጃዎቹን በጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ከበሩ ውጭ አስቀመጥንና ድስት ጣድን። ግቢው ውስጥ ያለው የበርሜል ውሃ ሁለቱን ሞላ፤ ለሦስተኛው አልበቃም፣ ቧንቧውም አይመጣም። የቀረው በእኔ ጀሪካን ያለው ነው። ጀሪካኗ ላይ እጄን ጣል አደረግሁ። ጸሎት አድርጌ የቀዳሁት ነው፤ ለጉልበቴ ነው። ለጫጩት ማሞቂያ ማድረጉ ድፍረት መሰለኝ፤ ለዘይነባም ነገርኋት።

«ከመሬት ሲወጣም ትኩስ ነበር» አለች። «ያቀዘቀዝሽው አንቺ ነሽ።»

ድስቱ ውስጥ ገለበጥሁት።

ምን ያህል እንደሚሞቅ የለካሁት በክንዴ ነው። ወንዛዬ ላይ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ያለውን ሙቀት ሰውነቴ ያውቀዋል፤ ከዚያ ትንሽ አለፍ አደረግሁት። ጀሪካኖቹ ውስጥ መልሰን ሞላን፤ አንዱን በነጠላዬ፣ ሁለቱን በዘይነባ ሻሽና በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለን በክቡ መሐል አቆምናቸው። ዙሪያው ባዶ ነው። መስኮቷ ክፍት ናት።

መጀመሪያ አንድም አልመጣም። ከዚያ ከክምሩ ጫፍ የነበረች አንዲት ጫጩት ዞር ብላ ጀርባዋን ጀሪካኑ ላይ አስደገፈች። ዓይኗን ጨፈነች። ሌላ ተከተላት። ክምሩ ከዳር እየተፈታ ወደ ጀሪካኖቹ ተዞረ። ጥቂት ከቆዩ በኋላ ደግሞ ቀድመው የመጡት ተነሥተው ሄዱ፤ ጥሬ ለቀሙ፣ ውሃ ጠጡ፤ ቦታቸውን ሌሎች ያዙት። ዘይነባ ከንፈሯን መጠጠችና «ወላሂ፣ ወረፋ ይዘዋል» አለች።

ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አልተቀመጥሁም። ጥቅጥቅ ብለው ጀሪካኑን ሲያቅፉት ውሃው በርዷል ማለት ነው፤ አውጥቼ አሙቄ እመልሳለሁ። አንድ እርምጃ ርቀው ሲቆሙ በዝቷል ማለት ነው፤ አንድ ጨርቅ እጨምራለሁ። ነፋሱ በመስኮቷ ሲገባ እጄ ብድግ ይላል፤ መልሼ አወርደዋለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። አንዲት ደካማ ጫጩት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተች፤ ሃያ ስምንት ሆኑ። ዘይነባ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ስግደቷና ወደ ሱቋ ተመለሰች። ስትወጣ በዓይኗ ጆንያውን አሳየችኝ። «መብራት ጠፋ» አለች ደግማ።

ሰርካለም የመጣችው ሊመሽ ሲል ነው። ከወረታ በላይ ያለውን ዳገት ጎርፍ ቆርጦት ሚኒባሱ ስለ ቆመ የተወሰነውን በእግሯ መጥታለች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። በበረዶ የተከበበውን የክትባት ብልቃጥ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። በሩ ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ዱላዬን ነው። ከዚያ እኔን አለፍ ብላ ወደ ክፍሉ ገባች።

ብልቃጡን አስቀምጣ ተንበረከከች። ጀሪካኖቹን አየች። ጫጩቶቹ በዙሪያው ተበትነዋል፤ ግማሹ ተደግፎ፣ ግማሹ እየለቀመ፣ እሷ ጠዋት እንዳለችው እንደ ተዘራ እህል። መለኪያውን አላየችም።

«ይህን ማን አሳየዎት?» አለች። ድምፅዋ የለሰለሰ ነበር። እንዲያ ባለ ድምፅ አናግራኝ አታውቅም።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ጆንያው በሩ አጠገብ ነው፤ መብራቱ እንደ ጠፋ ነው፤ ዘይነባ አትከዳኝም። ልጄ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ የሆነ ነገር ደኅና ሆኖ አግኝታለች።

«ሃያ ስምንት ሞተዋል» አልሁ። «ብርድ አይደለም። ከሰሉን አስገብቼ መስኮቷን ዘግቼባቸው ነው። ሲሸሹኝ እሳቱን ይዤ ተከተልኋቸው።»

ተነሥታ ጆንያውን ገለጠችው። ቆጠረች። መልሳ ሸፈነችው። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ መቆጣቱ ይሻለኝ ነበር።

«አክስቴ ቤት ሲመጡ» አለች ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «እስኪያልበኝ ጋቢዎ ውስጥ ያቅፉኝ ነበር። ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። ልውጣ ስል ይበርድሻል ይሉኛል። በማግስቱ ስነቃ የሉም።»

ቆርቆሮውን በእጇ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ ወደ ጫጩቶቹ ጎንበስ አለች።

«ውሃው በርዷል» አለች። «ይኸው እየተጠጋጉ ነው።»

ጀሪካኗን አንስቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

መብራቱ በማግስቱ መጣ። ሰባተኛው ቀን ሲሆን ክትባቱን ሰጠን፤ እኔ ጫጩቷን እይዛለሁ፣ እሷ ዓይኗ ላይ አንዲት ጠብታ ትጥላለች። መቶ ሰባ ሁለት ጊዜ። ስለ ሌላ ነገር አላወራንም፤ «ቀና ያድርጓት»፣ «ይልቀቋት»፣ ይኸው ነበር። ወደ ጣራ ገዳምም አልሄድሁም። አምስት ሳምንት ቆየሁ። በየሳምንቱ አምፖሎቹን ከፍ እናደርጋቸዋለን፤ መለኪያው ሦስት ሦስት ያህል እየወረደ ይሄዳል። ላባ ባወጡ ቁጥር የሚፈልጉት ሙቀት እያነሰ ሄደ፤ በመጨረሻው ሳምንት አምፖሎቹን አጠፋናቸው፤ ጫጩቶቹም አልፈለጉንም። ጊዜያቸው ሲደርስ የገጠር ሴቶች መጥተው በቅርጫት ወሰዷቸው። የሰርካለም ስም ከመዝገቡ አልወጣም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ጫጩት የምታሳድጉ ካላችሁ፣ ከእኔ የምትወስዱት ትንሽ ነው። እጃችሁ የሚሰማውን አትመኑ፤ ነፋስም እንደምትፈሩት ያህል ክፉ አይደለም። አንዱን ቦታ አሙቁ፣ ሌላውን ቦታ ተዉት። ከዚያ ተቀምጣችሁ እዩ። ከሰል ይዛችሁ ቤት አትዝጉ፤ ለጫጩቱም ለራሳችሁም።

ጫጩት የሌላችሁ ደግሞ ምን እንደምላችሁ አላውቅም። እናቶቻችሁ በልጅነታችሁ ሄደውባችሁ ከሆነ ስለ እነሱ ልማለድ አልመጣሁም። ሠላሳ ዓመት አንድም አፍኜ፣ አንድም ትቼ ኖሬያለሁ፤ ሁለቱንም ፍቅር ነው ብዬ። አሁንም እዞራለሁ፤ እግር በአንድ ሐምሌ አይለወጥም። ስሄድ ግን የምመለስበትን ቀን እናገራለሁ፤ በዚያው ቀን እመለሳለሁ። ጀሪካኗን ለሰርካለም ትቼላታለሁ፤ ከጫጩቶቹ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች።

ስመጣ እንደ ዱሮው ሮጬ አላቅፋትም። ከደጁ አጠገብ ባለው መደብ ላይ እቀመጥና እንዝርቴን አወጣለሁ። እሷ ሥራዋን ትሠራለች። አንዳንድ ቀን በርጩማ ይዛ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካል። ትንሽ ቆይታ ተነሥታ ትሄዳለች። አልጠራትም። ብዙ ጊዜ ተመልሳ ትመጣለች።